የተበጠሰ ክርና የቆመ ፕሮግራም፦ የፕሮግራም ቋንቋዎች ከስሕተት የማገገም ታሪክ

ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ የሚገኘው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሲቋቋም፣ ሽመና ለወሎ ሰው እንግዳ ሙያ አልነበረም። ድርና ማግ፣ መወርወሪያና ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው በእግር የሚረግጡት የሽመና ዕቃ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። በኀይል የሚሠራው የፋብሪካ መኪና ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ስሕተትን በራሱ ማወቁም ጭምር ነው። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ከተዘረጉት ብዙ ድሮች በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስስ የብረት ቅጠል ይንጠለጠላል። ድሩ እንደ ተወጠረ እስካለ ድረስ ቅጠሉን ተሸክሞ ይይዘዋል፤ ድሩ ሲበጠስ ቅጠሉ ይወድቃል፤ ቅጠሉ ሲወድቅም መኪናው ይቆማል። ይህ ዘዴ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካው የኖርዝሮፕ ሽመና መኪና አማካይነት ተስፋፋ፤ በጃፓንም ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ባወጣው መኪና ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደረሰ። ሠራተኛዋ መጥታ የተበጠሰውን ድር ትቀጥላለች፤ መኪናውም ካቆመበት ይቀጥላል። ክርን መቀጠልና ሥራን መቀጠል በአማርኛ አንድ ቃል መሆናቸው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እጅግ የሚመች ነው።

ማግ ሲበጠስ ግን ነገሩ ይለወጣል። መኪናው ባለው ፍጥነት የተነሳ ወዲያው መቆም ስለማይችል፣ ክሩ ከተበጠሰ በኋላ አንድ ሁለት ምት መምታቱ አይቀርም። ስለዚህ መኪናው የቆመበት ስፍራና ጉድለቱ የደረሰበት ስፍራ አንድ አይደሉም። ሠራተኛዋ መኪናውን ወደ ኋላ መልሳ፣ ጎደሎውን ማግ ፈልጋ አግኝታ፣ ከጨርቁ ስባ አውጥታ በምትኩ ሌላ ካላስገባች በቀር፣ በጨርቁ ወርድ ላይ ቀጭን ሰንበር ይቀራል።

በዚያችው በኮምቦልቻ ከተማ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች፣ «ሞክር» እና «ያዝ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ትእዛዞች ጋር ይተዋወቃሉ። የሚሞከረው ሥራው ነው፤ የሚያዘው ስሕተቱ ነው። ነገሩ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ከጥቂት መስመር አያልፍም። ከእነዚህ ጥቂት መስመሮች በስተጀርባ ግን ከሰባ ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር አለ፤ ክርክሩም በመሠረቱ የድርና የማግ ክርክር ነው። ከቆመበት መቀጠል የሚቻለው መቼ ነው? ወደ ኋላ መመለስ የሚያስፈልግስ ከሆነ እስከ የት ድረስ?

ፕሮግራም በጽሑፍ ሳለ ምንም አይሠራም። በሥራ ላይ ሲውል ትእዛዞቹን የሚያስተናግድለት፣ ማኅደረ ትውስታ የሚያድልለት፣ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደ ጠራ የሚመዘግብለት ሌላ ሥርዓት ከሥሩ ይኖራል። ይህ ሥርዓት ራንታይም ይባላል። ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል፣ የተፈለገው ፋይል ሲታጣ ወይም የመስመር ግንኙነት ሲቋረጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያውቀው ራንታይሙ ነው። ማወቁ ቀላል ነው፤ የብረቱ ቅጠል ወድቋልና። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓመተ ምሕረት» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ለስሕተት የነበራቸው መልስ መቆም ብቻ ነበር ቢባል ከእውነት እጅግ አይርቅም። ሆኖም በ1951 ሥራ የጀመረው ዩኒቫክ፣ የሒሳቡ ውጤት ከተመደበለት ቦታ በላይ ሲሆንበት፣ በማኅደሩ መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም በአድራሻ ዜሮ ወደ ተጻፈ አጭር ማስተካከያ ይዘል ነበር። በ1957 የወጣው ፎርትራንም ፕሮግራመሩ «ውጤቱ ሞልቶ ፈሷልን?» ብሎ የሚጠይቅበት የራሱ ዐረፍተ ነገር ነበረው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ያልጠየቀ አይነገረውም። የሊስፕ ቋንቋ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድን ሥራ በሙሉ እንደ ቅጥር ከቦ፣ በውስጡ ስሕተት ቢደርስ ሥራው ተትቶ ከቅጥሩ ውጭ ባዶ መልስ የሚሰጥበትን ስልት አስተማረ። ይህ ለጊዜው ብዙም ሳይጤን ያለፈ ቢሆንም፣ የኋለኞቹ ሁሉ ዘር ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩን በስፋት ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ፒኤል-ዋን የተባለው የአይቢኤም ቋንቋ ነው። በ1964 የተነደፈው ይህ ቋንቋ የንግዱንም የሳይንሱንም ዓለም ባንድ ልብስ ለማልበስ ስለ ታሰበ፣ ለስሕተትም የተሟላ ሥርዓት ተበጀለት። ፕሮግራመሩ «ለዜሮ ማካፈል ቢደርስ እንዲህ አድርግ»፣ «ፋይሉ ቢያልቅ እንዲህ አድርግ» ብሎ አስቀድሞ ያዛል፤ ድንገተኛው ነገር ሲከሠት ራንታይሙ ትእዛዙን ይፈጽማል፤ በብዙዎቹም ሁኔታዎች ካቆመበት ይቀጥላል። ሐሳቡ ያማረ ነበር። በሥራ ሲታይ ግን አንድ ክፉ ጠባይ ተገኘበት፤ በአንድ ቅጽበት የትኛው ትእዛዝ ጸንቶ እንደሚገኝ ጽሑፉን በማንበብ ማወቅ አይቻልም። ፕሮግራሙ በምን መንገድ እዚያ እንደ ደረሰ ማወቅ ያሻል። አንዱ ክፍል ለራሱ ያዘዘውን፣ እርሱ የጠራው ሌላ ክፍል ሳያውቅ ይወርሰዋል። ዶናልድ ማክላረን በ1977 ይህን ሥርዓት በዝርዝር መርምሮ ችግሮቹን አንድ በአንድ አሳየ። ያም ሆኖ ፒኤል-ዋንን መናቅ አይገባም፤ ስሕተት የቋንቋው ጉዳይ ነው ብሎ በስፋት የተነሣ እርሱ ነውና።

በዚያው ዘመን፣ ከቋንቋዎቹ ክርክር ርቆ፣ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ሌላ መልስ አዘጋጅተው ነበር። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓመተ ምሕረት አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ፣ የመንኮራኩሩ ኮምፒውተር 1202 የተሰኘውን የማስጠንቀቂያ ቁጥር ደጋግሞ አሳየ። በዚያ ሰዓት ያልተፈለገ የራዳር ምልክት የኮምፒውተሩን ጊዜ እየሻማ፣ ሥራዎቹ ከዐቅም በላይ ተከማችተው ነበር። ሃልኮም ላኒንግ የነደፈው የሥራ አከፋፋይና በማርጋሬት ሃሚልተን ይመራ የነበረው የሶፍትዌር ቡድን ያሰናዳው ሥርዓት ያደረገው እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ጥሎ እንደ ገና ተነሣ፤ ሲነሣም አስፈላጊዎቹን ሥራዎች ብቻ አስቀድሞ ከተመዘገበላቸው የመነሻ ነጥብ ጀመራቸው፤ የቀሩትን ተዋቸው። ጠፈርተኞቹም በሰላም ወረዱ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ሥርዓቱ የስሕተቱን ምክንያት ፈጽሞ አለማወቁ ነው። ያወቀው ምን መጣል እንደሚችልና ምን መጣል እንደማይችል ብቻ ነበር።

የእንግሊዝ አገሩ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጥያቄውን ከሌላ ጎን ያዘው። የቡድኑ መሪ ብራያን ራንዴል በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ ስለ ሶፍትዌር ቀውስ በተደረገው ጉባኤ ከተገኙት አንዱ ነበር። ራንዴልና ባልደረቦቹ በ1974 እና በ1975 ባወጡአቸው ጽሑፎች ያቀረቡት ሐሳብ «የማገገሚያ ክፍል» የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ፣ የሚለውጣቸው ነገሮች የቀድሞ ዋጋቸው ለብቻ ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ ውጤቱ በፈተና ይታያል። ካላለፈ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቀድሞው ተመልሶ ሌላ ሰው በሌላ ዘዴ የጻፈው ተለዋጭ ሥራ ይሞከራል። ይህ የማጉ ዘዴ ነው፤ መኪናውን ወደ ኋላ መልሶ፣ ጎደሎውን አውጥቶ፣ በሌላ ክር መሸመን።

አንድ ብቻውን ለሚሠራ ፕሮግራም ይህ መልካም ነው። ሁለት ፕሮግራሞች እየተላላኩ ሲሠሩ ግን የኒውካስል ሰዎች ራሳቸው ያጋለጡት አደጋ ይመጣል። አንባቢ በደሴና በኮምቦልቻ ሁለት መጋዘኖች እንዳሉና በእያንዳንዳቸው አንድ መዝገብ ያዥ እንደ ተቀመጠ ያስብ። ሁለቱም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ሲጀምሩ፣ ከዚያም ደጋግመው በየጊዜው፣ መዝገባቸውን ዘግተው ምልክት ያደርጋሉ፤ ስሕተት ቢያገኙ ወደ ምልክቱ ለመመለስ ነው። የኮምቦልቻው 2 ሰዓት ከ30 ላይ ምልክት አደረገ፤ 2 ሰዓት ከ45 ላይ ለደሴው ደብዳቤ ላከ። የደሴው ደብዳቤውን መዝግቦ 3 ሰዓት ላይ ምልክት አደረገ፤ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ መቶ ኩንታል እህል መላኩን ለኮምቦልቻው አስታወቀ። የኮምቦልቻው ይህን ከመዘገበ በኋላ፣ 5 ሰዓት ላይ ዳግመኛ ምልክት አደረገ።

የደሴው 6 ሰዓት ላይ ሒሳቡ መሳሳቱን አውቆ ወደ 3 ሰዓቱ ምልክት ተመለሰ እንበል። እንግዲህ የ4 ሰዓቱ መልእክት እንዳልተላከ ሊቈጠር ነው። የኮምቦልቻው ግን መልእክቱን በ5 ሰዓቱ ምልክት ውስጥ ይዞታል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ወዳለው፣ ወደ 2 ሰዓት ከ30 ምልክቱ መመለስ ግዴታው ይሆናል። እርሱ ወደዚያ ሲመለስ ደግሞ 2 ሰዓት ከ45 ላይ የላከው ደብዳቤ እንዳልተላከ ይሆናል። የደሴው ይህን ደብዳቤ በ3 ሰዓቱ ምልክት ውስጥ ይዞታልና፣ እርሱም እንደ ገና ወደ ኋላ ወደ ሥራ መጀመሪያው ሊመለስ ነው። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የቀኑ ሥራ በሙሉ ይፈርሳል። ራንዴል ይህን በሰልፍ ቆመው አንዱ አንዱን እየገፋ በሚወድቁ የዶሚኖ ጠጠሮች መሰለው። መድኃኒቱም ሁለቱ መዝገብ ያዦች በየፊናቸው ምልክት ማድረጋቸውን ትተው፣ በአንድ ጊዜ ተስማምተው እንዲዘጉና ተስማምተው እንዲከፍቱ ማድረግ ነው። ዋጋው መጠባበቅ ነው፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሥራ ይፈታል። የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኞች የተሳሳተውን መስመር መፋቅ ተከልክለው በሌላ መስመር ተቃራኒውን እንዲጽፉ መታዘዛቸው፣ ከዚህ ጋር ዝምድና ያለው ጥንቃቄ ነው። የተፋቀን መስመር ሌላ ሰው አይቶት ይሆናልና።

ከዚህ ጎን ለጎን የቋንቋ ነዳፊዎች በመቀጠልና በማቋረጥ መካከል ተከፍለው ነበር። ጆን ጉድኢናፍ በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለቱንም መንገዶች በሥርዓት ለያይቶ አስቀመጠ። ልዩነቱን ከደረቅ ወደብ ሥራ በተወሰደ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንድ የደሴ ነጋዴ ዕቃ እንዲያወጣለት ወኪሉን ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይልካል፤ ወኪሉ ጫኝ ይቀጥራል፤ ጫኙ መጋዘኑን አስከፍቶ ሲገባ አንዱ ሳጥን ተሰብሮ ያገኛል። በመቀጠል ሥርዓት ጫኙ ቁልፉን በእጁ እንደ ያዘ፣ መኪናውም በር ላይ እንደ ቆመ፣ «ምን ላድርግ?» ብሎ እስከ ነጋዴው ድረስ ያስጠይቃል፤ መልሱ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በማቋረጥ ሥርዓት ግን ጫኙ ሥራውን እዚያው ይጨርሳል፤ መጋዘኑን ዘግቶ፣ ቁልፉን መልሶ የሆነውን ለወኪሉ ይነግራል። ወኪሉ መወሰን ከቻለ ይወስናል፤ ካልቻለም የራሱን ጉዳይ ዘግቶ ወደ ነጋዴው ይመለሳል።

መቀጠል ደግ ይመስላል፤ የተሠራው ሥራ አይጠፋምና። ይሁን እንጂ ደሴ ሆኖ የሚመልሰው ነጋዴ ኮምቦልቻ ያለውን ሁኔታ አያይም። መኪናው የማን እንደ ሆነ፣ ቁልፉን ሌላ ሰው እየጠበቀ መሆን አለመሆኑን አያውቅም። «ጫን» ቢል በምን ላይ እንደሚያዝ አልተረዳም። በማሳቹሴትስ ባርባራ ሊስኮቭና አላን ስናይደር ሲሉ ለተባለው ቋንቋቸው ማቋረጥን የመረጡት፣ በ1979 እንደ ገለጹት፣ የቀለለና የጠራ ሆኖ ስላገኙት ነው። የዜሮክስ ኩባንያ ሜሳ ቋንቋ ግን መቀጠልን ይፈቅድ ነበር። ቢያርነ ስትሩስትሩፕ በኋላ እንደ ጻፈው፣ በ1991 በፓሎ አልቶ በተደረገ የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ጂም ሚቼል የሜሳን ልምድ አስረዳ። ዐሥር ዓመት ያህል የተሠራበትና ግማሽ ሚሊዮን መስመር የነበረው አንድ ትልቅ ሥርዓት መጀመሪያ ላይ በመቀጠል ዘዴ ተሞልቶ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ሥራውን ባሻሻሉ ቁጥር አንድ በአንድ እያስወጡት፣ በመጨረሻ የቀረው አንድ ብቻ ሆነ። የዚህ ምስክርነት ክብደት ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ገጾች ይበልጣል። በ1983 ደረጃ የወጣለት አዳ ቀድሞም ማቋረጥን መርጦ ነበር፤ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ከእነርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹም ያንኑ መንገድ ያዙ። ድር የሚቀጠለው፣ የመኪናው ሁኔታ በሙሉ ለሠራተኛዋ ዐይን ግልጥ ሆኖ ስለሚጠብቃት ነው። ፕሮግራም ለማንም እንዲህ አይገለጥም።

በማቋረጥ ሥርዓት ራንታይሙ የሚሸከመው ሥራ ይከብዳል። ከጫኙ እስከ ነጋዴው ባለው ሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ ምን ቁልፍ እንደ ያዘና ለማን መመለስ እንዳለበት ማወቅ አለበት። አንደኛው ዘዴ እያንዳንዱ ሰው ገና ሥራ ሲጀምር «ችግር ቢደርስ ይህን ቁልፍ መልሱ» የሚል ማስታወሻ በክር ላይ እንዲያስር ማድረግ ነው። ችግር ሲመጣ ክሩን መከተል ብቻ ነው፤ ግን ምንም ችግር በሌለበት ቀን ሁሉ ማስታወሻ ማሰርና መፍታት ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ዘዴ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጅ ነው፤ «ከዚህ አድራሻ እስከዚህ አድራሻ ድረስ ስሕተት ቢደርስ መፍትሔው እዚያ ነው» ይላል። ሥራው በደኅና ሲሄድ ሠንጠረዡን የሚነካው የለም፤ ወጪም የለበትም። ስሕተት ሲደርስ ግን ራንታይሙ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ እየወጣ በየደረጃው ሠንጠረዡን መፈለግ ስላለበት ይዘገያል። የሲሉ ሰዎች በ1970ዎቹ ሠንጠረዡን መርጠዋል፤ የዛሬዎቹም የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ያደርጋሉ። ምርጫው ስሕተት እምብዛም አይደርስም በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። እምነቱ በማይሠራበት፣ መብራትና መስመር ደጋግሞ በሚቋረጥበት አገር፣ ሒሳቡ እንደ ገና መታሰብ ይኖርበታል።

ዘዴው ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ምን ሊጎድል እንደሚችል በሰኔ 4 ቀን 1996 ታየ። አውሮፓውያን ያመጠቁት የመጀመሪያው አሪያን 5 ሮኬት በተነሣ ከ40 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈነዳ። የመርማሪው ቡድን እንዳረጋገጠው፣ የአቅጣጫ መለኪያው ፕሮግራም በ64 ቢት የተጻፈን ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለውጥ ቁጥሩ ከቦታው በለጠ። ፕሮግራሙ በአዳ የተጻፈ ነው፤ ራንታይሙም ስሕተቱን በሚገባ ያዘ። ነገር ግን ለዚያ ለውጥ መከላከያ አልተጻፈም ነበር፤ በአደጋ ላይ ከነበሩት ሰባት ቁጥሮች አራቱ ብቻ ነበሩ የተጠበቁት። ሥርዓቱም እንደ ታዘዘው ኮምፒውተሩን ዘጋ። ተጠባባቂ የነበረው ሁለተኛው ኮምፒውተርስ? እርሱ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ቁጥር፣ ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ ቀደም ብሎ ወድቆ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ስሕተቱን ያስከተለው ሥራ ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ምንም አገልግሎት አልነበረውም፤ ከአሪያን 4 እንዳለ ተወርሶ የቀረ ነው። ተጠባባቂው የተሠራው ብረት ይበላሻል ተብሎ ነበር። ሐሳብ ሲበላሽ ግን ሁለቱም ኮምፒውተሮች የያዙት አንድ ሐሳብ ነው።

ራንታይም ጭራሽ የማያየው ስሕተትም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በቢሾፍቱ አካባቢ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛ በረራ 157 ሰዎች አልቀዋል። በዚያ አውሮፕላን ላይ የነበረው አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት የተነሣሣው ከአንድ መለኪያ ብቻ በመጣ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስሕተት ይሁን እንጂ ቁጥርነቱ የተሟላ ነበር፤ ለፕሮግራሙ የወደቀ የብረት ቅጠል አልነበረም።

በስዊድን የኤሪክሰን የስልክ ኩባንያ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤርላንግን ሲነድፉ ከእንዲህ ያለው ችግር አንዱን ክፍል በቀጥታ ያዙት። በኤርላንግ ሥራው ማኅደር በማይጋሩ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል። አንዱ ሲሳሳት ራሱን ለማዳን አይሞክርም፤ ይወድቃል፤ ሌላ ተቈጣጣሪ ክፍል ያየውና አዲስ ያስነሣል። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ጆ አርምስትሮንግ አጥብቆ ይናገር የነበረው፣ ውድቀትን የሚቋቋም ሥርዓት ቢያንስ ሁለት ኮምፒውተር እንደሚያስፈልገው ነው፤ አንዱ ሲሞት የሚያይ ሌላ መኖር አለበትና። ባትለር ላምፕሰንና ሃዋርድ ስተርጂስም በ1970ዎቹ መረጃን በሁለት ቦታ ስለ ማስቀመጥ ሲጽፉ አንድ ቃል አስገብተው ነበር፤ ሁለቱ ቦታዎች አንዱ ከሌላው ተለይተው የሚወድቁ መሆን አለባቸው።

«ተለይተው የሚወድቁ» የሚለው በወሎ ምን ማለት እንደ ሆነ የ2014 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት አሳይቷል። በዚያ ወር ሁለተኛ አጋማሽ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው በሕወሓት ኀይሎች እጅ ገቡ፤ ኅዳር 27 ቀን የፌዴራሉ መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ። በመካከሉ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋል። በሰላም ጊዜ አንድ የመረጃ ባለሙያ የደሴውን መዝገብ ቅጂ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻውንም ደሴ ቢያስቀምጥ ተገቢ ጥንቃቄ ይመስል ነበር። አንዱ ተራራ ላይ፣ ሌላው ሜዳ ላይ ነው፤ ለእሳትም ለጎርፍም በቂ ርቀት ነው። አንድ መንገድ ለሚያገናኛቸውና አንድ ጦርነት ለደረሰባቸው ሁለት ከተሞች ግን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት አልሆነም። ማእከላቸው አዲስ አበባ የሆነ የባንክ ሒሳቦች ከቅርንጫፉ ሕንፃ ጋር አይወድቁም፤ በአንድ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ብቻ የነበረ የተማሪ የጥናት ሥራ ግን ተመላሽ የለውም።

የመጨረሻው ምሳሌ ገንዘብን የሚመለከት ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተደረገ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ምክንያት ችግር ደረሰ፤ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ ማውጣትና ወደ ሌላ ሒሳብ ማዛወር ቻሉ። ባንኩ ነገሩ የመረጃ ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። በእነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺሕ የሚጠጋ ዝውውር መካሄዱንና ያለአግባብ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር መሆኑን አስታውቋል። አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር፤ የቆመው መኪና ስሕተቱ ከደረሰበት ስፍራ ብዙ ምት አልፎ ነበር።

ጂም ግሬይ በ1981 ስለ «ትራንዛክሽን» በጻፈው ጽሑፍ ለዚህ ዐይነቱ ነገር ስም ሰጥቶታል። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተዛወረ ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ስላለ ሥርዓቱ ሊመልሰው ይችላል። አንዳንድ ድርጊት ግን አንድ ጊዜ ከተፈጸመ ሊሻር አይችልም፤ ሊካስ ብቻ ይችላል። ከገንዘብ መክፈያ መኪና አፍ የወጣ ጥሬ ብር ከራንታይሙ ድንበር ውጭ ነው፤ የራንዴል የማገገሚያ ክፍልም፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ሠንጠረዥም፣ የኤርላንግ ተቈጣጣሪም አይደርሱበትም። ኒውካስሎች ወደ ኋላ ሲመለሱ ያልደረሱበት፣ ሚቼል ወደ ፊት መቀጠልን የተወበት ስፍራ ይኸው ነው።

ስለዚህ ባንኩ በሌላ መንገድ ሄደ። በመዝገቡ ውስጥ የቀረውን በሒሳብ መለሰ። ለወጣው ደግሞ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ አስታወቀ፤ ቀነ ገደብም ሰጠ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ።